በሦስት ቋንቋ የሚጽፍ ተማሪ፣ በአንድ ቋንቋ የሚሠለጥን መምህር፦ የድኅረ ምረቃ የቋንቋ ትምህርት በዲላና በጌዴኦ

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ካስፋፏቸው የድኅረ ምረቃ ዘርፎች መካከል ለቋንቋ መምህራን የሚሰጠው ሁለተኛ ዲግሪ ይገኝበታል፤ ይህም መስፋፋት ማስተርሱን ለመያዝ ቀድሞ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ግድ ይለው የነበረውን የጌዴኦ ዞን መምህር፣ ከሚያስተምርበት ወረዳ ብዙ ሳይርቅ ዲላ ላይ እንዲማር አስችሎታል። ዕድሉ ለመምህሩ ያስገኘው ጥቅም አያጠራጥርም። ዲግሪው በተማሪው ደብተር ላይ ያስከተለው ለውጥ ግን ከቁጥሩ ዕድገት ጋር እኩል አልተራመደም፤ ምክንያቱም የጌዴኦ ልጅ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል እስኪደርስ ድረስ በጌዴኡፋ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ፣ ይኸውም በሦስት ቋንቋና በሁለት የፊደል ሥርዓት መጻፍ የሚጠበቅበት ሲሆን፣ መምህሩ የሚሠለጥንበት የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከሦስቱ በአንዱ ብቻ የተከለለ ነው፤ በዚያም ውስጥ ቢሆን ጽሕፈት ራሱ የሚያገኘው ቦታ ጠባብ ነው። ችግሩ የጌዴኦ ብቻ ባይሆንም በጌዴኦ ጎልቶ ይታያል፤ ለመፍትሔው የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛውም እዚያው ዲላ ይገኛል።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የቡና ንግድ ከተማ ስትሆን፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የገባችውም በመምህርነት በር ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው የዲላ መምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከአዋሳ የእርሻ ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ በተባለው ተቋም ሥር ከገባ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ይህ ታሪክ እዚህ መነሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከእርሻ ወይም ከምሕንድስና ተነሥተው ኋላ መምህርነትን ካከሉት ተቋማት በተለየ፣ ዲላ ከመነሻው ለመማሪያ ክፍል ሰው ለማዘጋጀት የተመሠረተ በመሆኑ፣ የመጻፍ ትምህርት ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲው የተልእኮው እምብርት እንጂ ከዳር የሚጨመር ነገር ሊሆን አይገባም።

የድኅረ ምረቃ የቋንቋ ትምህርት በአገሪቱ ረጅም ዘመን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ሆኖ ቆይቷል። በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተጀመረው ይህ ተቋም የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው በ1970ዎቹ መግቢያ ላይ ሲሆን፣ ከዚያ የወጡት የቋንቋ ምሁራን በኋላ ለተከፈቱት የክልል ዩኒቨርሲቲዎች አስተማሪም፣ የሥርዓተ ትምህርት ቀራጭም ሆነዋል። ስለዚህም በአዲስ አበባ የነበረው የትምህርት ክፍል አደረጃጀት ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ጅማ፣ ወደ ሐዋሳና ወደ ዲላ ሲሄድ ቅርጹን ይዞ ነው የሄደው፦ በአንድ በኩል ‹ቴፍል› በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው፣ እንግሊዝኛን እንደ ውጭ ቋንቋ የማስተማር ጥናት፤ በሌላ በኩል የአማርኛ ወይም የሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎችና ሥነ ጽሑፍ ጥናት። በሁለቱ መካከል ግድግዳ አለ። አንድ ተማሪ በሁለትና በሦስት ቋንቋ ማንበብና መጻፍን እንዴት እንደሚለምድ፣ ማለትም በሌላው ዓለም የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ጥናት ተብሎ ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው ጉዳይ፣ ከግድግዳው በየትኛውም ወገን ባለቤት አላገኘም።

መምህሩን ወደ ድኅረ ምረቃ የሚገፋፋውም ምክንያት ቅርጹን እንዳለ እንዲቀጥል አግዞታል። በትምህርት ሚኒስቴር ዕቅዶች የመሰናዶ ክፍሎችን ለሚያስተምር መምህር ሁለተኛ ዲግሪ መመዘኛ ሆኖ ሲጠቀስ የቆየ ሲሆን፣ ዲግሪው ከደረጃ ዕድገትና ከደመወዝ ጭማሪ ጋር የተያያዘ በመሆኑ፣ ኑሮ የከበደው መምህር ለዲግሪው የሚሰጠውን ዋጋ ማንም ሊነቅፈው አይችልም። በክረምት መርሃ ግብር የሚማር መምህር ዓመቱን ሙሉ ሲያስተምር ቆይቶ፣ ባልደረቦቹ በሚያርፉበት ወቅት የዩኒቨርሲቲ ማደሪያ ውስጥ ሰንብቶ፣ የቤቱን ወጪ ቀንሶ ነው የሚማረው። ይህን ያህል መሥዋዕትነት የሚከፍል ሰው በመስከረም ወደ ክፍሉ ሲመለስ የተሻለ የጽሕፈት መምህር ሆኖ መመለስ ይገባዋል፤ ካልሆነ ጉድለቱ የተሰጠው ትምህርት እንጂ የእሱ አይደለም።

የጌዴኦ ልጅ ወደ ጽሕፈት የሚገባበትን መንገድ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጌዴኡፋ ከሲዳምኛ፣ ከሀዲያኛ፣ ከከምባትኛና ከቡርጂኛ ጋር በደጋው የምሥራቅ ኩሽ ቋንቋዎች ውስጥ የሚመደብ ሲሆን፣ በመንግሥት ደረጃ ሰፊ የጽሕፈት አገልግሎት ላይ የዋለው ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ መማሪያ መጻሕፍት ከተዘጋጀላቸው ዐሥራ አምስት ቋንቋዎች አንዱ ሆኖ ነው። የዘመቻው መጻሕፍት በሙሉ የተዘጋጁት በግዕዝ ፊደል ነበር። ከመንግሥት ለውጡና ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ጌዴኡፋ የመጀመሪያ ደረጃ ማስተማሪያ ሲሆን የላቲን ፊደል ተመረጠለት። በዚህም የተነሣ በአንድ ጣሪያ ሥር በዘመቻው ፊደል የቆጠሩ አያትና በመደበኛ ትምህርት ቤት የተማረ የልጅ ልጅ፣ አንዱን ቋንቋ እየተናገሩ አንዱ የጻፈውን ሌላው የማያነብበት ሁኔታ ሊፈጠር ችሏል። የትኛው ፊደል ይሻል ነበር የሚለው ክርክር ካበቃ ቆይቷል፤ መልሶ መክፈቱም ለልጁ የሚጠቅመው ነገር የለም። ለመምህራን ትምህርት ግን የፊደል ታሪኩ ራሱ የትምህርት ርእስ ነው፤ በቤት ያለው የማንበብ ባህል በትምህርት ቤት ካለው ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ የማያውቅ መምህር ወላጅን አጋዥ ሊያደርግ አይችልም።

በቀድሞው የደቡብ ክልል አሠራር የአፍ መፍቻ ቋንቋ የማስተማሪያ ቋንቋነት አራተኛ ክፍል ላይ ሲያበቃ፣ ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ሒሳቡም ሳይንሱም በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር። አማርኛ በበኩሉ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት ይገባል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ጌዴኦ የሚገኝበት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የሥራ ቋንቋ በመሆኑም፣ ለሥራም ለፍርድ ቤትም የማይቀር ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ጥያቄ ካትሊን ሂዩ፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ስምንት ዓመት የተማሩ ተማሪዎች ቀድመው ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገሩት ይልቅ በስምንተኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት እንዳስመዘገቡ አሳይቶ ነበር። የጥናቱ ግኝት በቋንቋ ትምህርት ንድፈ ሐሳብ ውስጥ የታወቀ መሠረት አለው፦ ጂም ከሚንስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባቀረበው የመደጋገፍ መላምት እንደሚለው፣ ሐሳብን አደራጅቶ መጻፍን የመሰለ ክሂል በአንደኛው ቋንቋ በደንብ ከተገነባ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ በአንደኛው ሳይገነባ ከተቋረጠ ግን የሚሻገር ነገር አይኖርም። አራተኛ ክፍል ላይ ያለ ልጅ ገና ዐረፍተ ነገር ከዐረፍተ ነገር ማያያዝ የጀመረበት ጊዜ በመሆኑ፣ በዚያ ዕድሜ ቋንቋው ሲቀየርበት የተጀመረው ግንባታ በመካከሉ ይቆማል።

በዚህ ላይ ጌዴኡፋ ትላልቆቹ የንባብ ፕሮግራሞች ሲያልፉ ከዳር የቀረ ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና በስድስት ቋንቋዎች ሲደረግ፣ ከጌዴኦ አጠገብ ባለው የሲዳማ አካባቢ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸው ታይቷል። ይህን አስደንጋጭ ውጤት ተከትሎ በአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ድጋፍ የተጀመረው የንባብ ማሻሻያ ፕሮግራም በሰባት ቋንቋዎች አዲስ የመማሪያና የመምህር መጻሕፍት ሲያዘጋጅ፣ ከአካባቢው ሲዳምኛ፣ ሀዲያኛና ወላይትኛ ተካተው ጌዴኡፋ አልተካተተም። ስለዚህ በጎረቤት ዞኖች ለውጭ ባለሙያዎችና ለፕሮጀክት የተተወው ሥራ፣ ማለትም ለልጁ ዕድሜ የሚመጥን ምንባብ መጻፍ፣ የፊደላትን አቀራረብ ቅደም ተከተል ማውጣት፣ የመምህሩን መምሪያ ማዘጋጀት፣ በጌዴኦ የአካባቢው መምህራን፣ የዲላ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። የድኅረ ምረቃ ትምህርት ከዚህ የሚበልጥ አጣዳፊ ርእስ ሊያገኝ አይችልም።

ሦስቱ ቋንቋዎች በአንድ ልጅ እጅ ውስጥ እንዴት እንደሚገናኙ ለማየት የድምፆችን መጥበቅና መላላት መመልከት ይበቃል። የጌዴኡፋ የላቲን አጻጻፍ ድምፅ ሲጠብቅ ተነባቢውን፣ አናባቢ ሲረዝም ደግሞ አናባቢውን በመደረብ ያመለክታል፤ ጽሕፈቱ ድምፁን በታማኝነት ይከተላል ማለት ነው። አማርኛ በአንጻሩ ቃላትን በመጥበቅና በመላላት ይለያል እንጂ ልዩነቱን አይጽፈውም፤ ‹ገና› በዓሉም ጊዜውም፣ ‹ዋና› የውኃውም የዋነኛነቱም በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፈው አንባቢው ከዐውዱ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛ ፊደል ይደርባል፤ መደረቡ ግን ከመጥበቅ ጋር አይያያዝም፣ የአናባቢውም አጻጻፍ ከድምፁ ርቆ ሄዷል። በጌዴኡፋ ማንበብ የጀመረ ልጅ ‹ዋና›ን ‹ዋንና› ብሎ ሊጽፍ፣ ‹ኔም› የሚለውንም የእንግሊዝኛ ቃል እንደሚሰማው ረጅሙን አናባቢ ደርቦ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም። የተማረውን ሕግ በጥንቃቄ በሥራ ላይ ያዋለ፣ ሕጉ የማይሠራበት ቤት መግባቱን ግን ማንም ያልነገረው ልጅ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ‹ስሕተት› የሚባልለት ከሆነ፣ የመጀመሪያውን ቋንቋ ሕግ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል፤ የሦስቱን አጻጻፍ ሥርዓት አነጻጽሮ የሚያውቅ መምህር ግን በአምስት ደቂቃ ማብራሪያ ስሕተቱን ወደ ዕውቀት ሊለውጠው ይችላል። እንዲህ ያለው መምህር እንዲኖር የእንግሊዝኛው ማስተርስ ስለ ጌዴኡፋ፣ የአማርኛውም ስለ ሁለቱ ሌሎች አንድ ኮርስ እንኳ ሊኖረው ይገባ ነበር።

አሁን በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በሚሰጠው የእንግሊዝኛ ማስተማር ማስተርስ፣ የኮርሶቹ ዝርዝር በየቦታው ቢለያይም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፦ ሥነ ልሳን፣ የሁለተኛ ቋንቋ ልምደት ንድፈ ሐሳቦች፣ የማስተማር ዘዴ፣ ምዘና፣ የምርምር ዘዴ፣ በመጨረሻም የመመረቂያ ጥናት። መጻፍን ማስተማር ከአራቱ ክሂሎች አንዱ ሆኖ ከማዳመጥ፣ ከመናገርና ከማንበብ ጋር ይጠናል። በመመረቂያ ጥናቶች ግን ጽሕፈት ከማይጠፉት ርእሶች አንዱ ነው፤ ተማሪዎች አንቀጽ ሲጽፉ የሚገጥማቸው ችግር፣ የመምህራን ግብረ መልስ፣ ጽሕፈትን በቡድን ማለማመድና የመሳሰሉት በየዓመቱ ይጠናሉ። በቅድመ ፈተናና በድኅረ ፈተና ልዩነት የሚለካ፣ መጠይቅ የሚበተንበት፣ በአምስት ምዕራፍ የሚቀርብ ጥናት ነው። ጥናቱ ተሟግቶ ካለፈ በኋላ ወደ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ይገባል፤ ጥናቱ የተካሄደበት የወናጎ ወይም የይርጋጨፌ ትምህርት ቤት ግን ውጤቱ በምን ቋንቋና በምን መልክ እንደሚመለስለት የሚያስገድድ አሠራር የለም። ከሁሉ በላይ፣ ስለ ጽሕፈት ችግር ሰማንያና መቶ ገጽ የጻፈው መምህር በዚያ ሂደት ጸሐፊ ሆኗል ወይ ተብሎ አይጠየቅም። የጻፈው አንድ የጽሑፍ ዓይነት ብቻ ነው፤ እርሱም ተማሪዎቹ በሕይወታቸው ከሚጽፏቸው ጽሑፎች አንዱንም አይመስልም።

ጽሕፈትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ጥናት ካለፈው ግማሽ ምዕተ ዓመት ወዲህ ያተኮረው ከተጻፈው ወደ መጻፉ ነው። ጃኔት ኤሚግ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችው ጥናት የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች እየጻፉ ሐሳባቸውን ጮክ ብለው እንዲናገሩ አድርጋ ሂደቱን ተከታተለች፤ ሊንዳ ፍላወርና ጆን ሄይስ እ.ኤ.አ. በ1981 ማቀድ፣ ሐሳብን ወደ ቃል መለወጥና መከለስ ተከታትለው የሚያልፉ ደረጃዎች ሳይሆኑ በጸሐፊው አእምሮ ውስጥ እየተመላለሱ የሚሠሩ ተግባራት መሆናቸውን አሳዩ። የሂደት አቀራረብ የሚባለው የማስተማር ዘዴ የመጣው ከዚህ ነው፤ ተማሪው ረቂቅ ይጽፋል፣ ከጓደኛውና ከመምህሩ አስተያየት ያገኛል፣ እንደገና ይጽፋል። ይህ ሁሉ በዲላም በሌሎቹም ዩኒቨርሲቲዎች ይነበባል፣ ይጠቀሳል። ያልተሻገረው ከእርሱ ጋር አብሮ የተወለደው ሌላው ሐሳብ ነው፦ ጄምስ ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1974 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ የጀመረውና በኋላ በመላው አሜሪካ የተስፋፋው የጽሕፈት ፕሮጀክት፣ መምህራንን በክረምት ዕረፍታቸው ሰብስቦ በመጀመሪያ ራሳቸውን ያጽፋቸው፣ የጻፉትን እርስ በርስ ያስተቻቸው፣ ከዚያ በክፍላቸው የሠራላቸውን ዘዴ አንዱ ለሌላው እንዲያሳይ ያደርግ ነበር። መነሻው ግልጽ ነው፤ የማይጽፍ መምህር ጽሕፈትን ሊያስተምር አይችልም።

ይህ መርሕ ለኢትዮጵያ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ከባለ ሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ በዘአምላኪየና በሌሎቹ አልፎ እስከ መወድስ ሲደርስ፣ በየደረጃው ራሱ ቆጥሮ ያመጣውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ሰምቶ ያቃናለታል፣ ተማሪውም መልሶ ይቆጥራል። መምህሩ በበኩሉ ለተማሪዎቹ ቅኔ ይዘርፋል፣ አካሄዱንም ያሳያል። ቅኔ መቁጠር ሳይችል ስለ ቅኔ በማወቁ ብቻ የቅኔ መምህር የሆነ ሰው የለም፤ ሊኖርም አይችልም። የቅኔ ቤት ትምህርት ለጥቂቶች የሚሆን፣ ረጅም ዓመታት የሚወስድና በቃል የሚካሄድ በመሆኑ እንዳለ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሊገባ አይችልም። ይሁን እንጂ ተማሪው በየዕለቱ የሚፈጥርበት፣ መምህሩም በየዕለቱ የሚያቃናበት ግንኙነት በአገሪቱ ለዘመናት ተፈትኖ የቆየ የማስተማር ጥበብ ሆኖ ሳለ፣ በመምህራን ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ከባህላዊ ትምህርት ታሪክ ምዕራፍ አልፎ የጽሕፈት ማስተማር ዘዴ ሆኖ አለመታየቱ ትልቅ ብክነት ነው። የጌዴኦም ባህል በዚህ ረገድ ባዶ አይደለም፤ ሽማግሌዎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲያዩ፣ ተናጋሪው ነገሩን ከሥሩ አንሥቶ፣ የተቃራኒውን ሐሳብ አስቀድሞ መዝኖ፣ ወደ ውሳኔ የሚያመጣበት ሥርዓት አለው። የክርክር ድርሰት ለማስተማር የሚፈልግ መምህር ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

እንዲህ ያለው መምህር ቢገኝ እንኳ የሚገባበት ክፍል ቀላል አይደለም። ስድሳ ተማሪ ያለባቸው አራት ክፍሎች የሚያስተምር የእንግሊዝኛ መምህር ለእያንዳንዱ ተማሪ በሳምንት አንድ አንቀጽ ቢያጽፍ 240 ወረቀት ይሰበሰብለታል፤ ለአንዱ አምስት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ ሃያ ሰዓት ይፈጅበታል። ከማስተማሩ በላይ ሃያ ሰዓት የሚያገኝ መምህር የለም። ስለሆነም ማጻፉን ይተወዋል፣ ወይም በወር አንድ ጊዜ አጽፎ ‹ታይቷል› የሚል ምልክት አድርጎ ይመልሳል። በሌላ በኩል ብሔራዊ ፈተናው ምንም እንዳያጽፍ ይመክረዋል። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሠራ ሲሆን፣ ጽሕፈትን የሚመለከተው ክፍል እንኳ የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገሮችን በትክክለኛ ቅደም ተከተል የያዘውን አማራጭ እንዲያጠቁር ተማሪውን ከመጠየቅ አያልፍም። በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በተጀመረበት የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከ896,520 ተፈታኞች ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ ነበሩ። እነዚህ ቁጥሮች በትምህርት ቤቶች ላይ የፈጠሩት ጫና ከባድ በመሆኑ፣ የሚገኘው ትርፍ ሰዓት ሁሉ ወደ ጥያቄ ማሠራት ሄዷል። በዩኒቨርሲቲም ያው ምርጫ ይጠብቃል፦ የመውጫ ፈተናውም፣ ወደ ድኅረ ምረቃ የሚያስገባው ብሔራዊ ፈተናም ጽሕፈትን በጽሕፈት አይለኩም። አንድ ሰው አንድ ገጽ ሙሉ ጽፎ በጽሑፉ ሳይመዘን የጽሕፈት መምህርነትን በሚያጠናበት መርሃ ግብር ደጃፍ ሊደርስ ይችላል ማለት ነው። ፈተናውን ዲላ ልትቀይረው አትችልም፤ የራሷን የመግቢያና የመመረቂያ መመዘኛ ግን ልታስተካክል ትችላለች።

ጽሕፈት በትምህርት ቤት ብቻ የሚኖር አይደለም። ብራያን ስትሪት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማንበብና መጻፍ ከኅብረተሰቡ ተለይቶ የሚቆም ገለልተኛ ችሎታ ሳይሆን፣ በየቦታው ካለው ሥልጣን፣ ንግድና እምነት ጋር የተሳሰረ ልማድ መሆኑን አመለከተ። ከአለማየሁ ኃይሉ ገብሬ፣ ከአላን ሮጀርስና ከጆርጅ ኦፐንጁሩ ጋር ሆኖ ያዘጋጀውና እ.ኤ.አ. በ2009 ካምፓላ ላይ የታተመው መጽሐፍ ደግሞ ይህን አመለካከት ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ፣ ሰዎች በገበያ፣ በቤትና በሥራ ቦታ በጽሑፍና በቁጥር ምን እንደሚሠሩ የመረመሩ ጥናቶችን ሰብስቧል። በዚህ ዓይን ለሚያይ ሰው ጌዴኦ በጽሑፍ የተሞላ አገር ነው። በቡና ለቀማ ወራት በየማጠቢያ ጣቢያው እሸት ቡና ሲመዘን የሚቆረጠው ደረሰኝ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ቃለ ጉባኤ፣ የዕድሩ መዝገብ፣ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ደብተር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ በክፍያ የሚጻፈው ማመልከቻ፣ ከውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚላከው የስልክ መልእክት፣ ሁሉም የየራሱ ቋንቋ፣ ፊደልና ደንብ አለው። አቤቱታውን ራሱ መጻፍ የማይችል ገበሬ ጉዳዩን በሌላ ሰው ቃል ለዳኛ ያቀርባል። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያወቀው የእንሰትና የቡና ጥምር እርሻ ዕውቀት ለዘመናት በቃል የቆየ ቢሆንም፣ ምዝገባው የተወሰነው በድርጅቱ ደንብ መሠረት በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ መቅረብ በሚገባው ሰነድ ነው። ያን ዕውቀት በራሱ በባለቤቱ ቋንቋ የሚጽፍ ትውልድ ማዘጋጀት ግን ገና ያልተሠራ ሥራ ነው፤ የሚሠሩትም የመጻፍ መምህራን ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው፣ ዲላ የሚያስፈልጋት ሌላ ተጨማሪ የትምህርት ክፍል ሳይሆን፣ ያሉትን የሚያገናኝ የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ማስተርስ ነው የሚል ፍርድ ነው። የእንግሊዝኛ፣ የአማርኛና የጌዴኡፋ መምህራን በአንድ ክፍል ተቀምጠው የሚማሩበት፣ የሦስቱን የአጻጻፍ ሥርዓት ማነጻጸር መሠረታዊ ኮርስ የሆነበት፣ በክረምቱ የመጀመሪያ ሳምንታት ከንድፈ ሐሳብ በፊት መምህራኑ ራሳቸው በሚያስተምሩበት ቋንቋ ታሪክ፣ ማመልከቻ፣ የክርክር ጽሑፍ ጽፈው እርስ በርስ የሚተቻቹበት መርሃ ግብር ሊሆን ይገባል። ትልቅ ክፍልን ለማስተዳደር የሚረዱ ዘዴዎች፣ ለምሳሌ መምህሩ በየሳምንቱ የአንድ ረድፍ ተማሪዎችን ወረቀት ብቻ በጥልቀት አይቶ ቀሪዎቹን በጥንድ መተራረም የሚያስለምድበት አሠራር፣ እዚያው ተፈትነው ወደ ክፍል መግባት ይኖርባቸዋል። የመመረቂያ ሥራውም ሁልጊዜ ባለ አምስት ምዕራፍ ጥናት መሆን የለበትም፤ ለሦስተኛ ክፍል የሚሆን፣ በልጆች ተሞክሮ የተስተካከለ፣ ምክንያቱ በጥናት የተብራራ የጌዴኡፋ ምንባቦች ስብስብ ከብዙ መጠይቆች የበለጠ ዕውቀት ይጠይቃል። ጌዴኦ ውስጥ በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ 847,434 ሰው ይኖር ነበር፤ ለዚህ ሕዝብ ልጆች የሚነበብ ነገር መጻፍ ለማስተርስ ዲግሪ የሚያንስ ሥራ አይደለም።

ዋናው እንቅፋት ያለው በአማካሪና በፈታኝ ላይ ነው። በአማርኛ ትምህርት ክፍሎች የመመረቂያ ጽሑፍ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ክፍሎች በአፋን ኦሮሞ ይጻፋል፤ የእንግሊዝኛው በእንግሊዝኛ። በጌዴኡፋ የተጻፈ ሥራ ለማማከር በቋንቋው የሚጽፍና የዶክትሬት ዲግሪ ያለው ምሁር፣ ለመፈተን ደግሞ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲ ደንብ ይህን ሲጠይቅ፣ ቋንቋው በዚያ ደረጃ የሚያበቃቸው ሰዎች እንዲኖሩት ዕድል ሳይሰጠው ነው። ከዚህ ክብ መውጫው ለተወሰኑ ዓመታት የጣምራ ማማከርን መፍቀድ ነው፦ አንዱ አማካሪ ከእንግሊዝኛ ወይም ከአማርኛ ክፍል የጽሕፈት ትምህርት ምሁር፣ ሌላው ዲግሪው ዝቅ ቢልም ከመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ወይም ከዞኑ ትምህርት መምሪያ በጌዴኡፋ መጽሐፍ ያዘጋጀ መምህር፤ ፈታኙም የሲዳምኛን ወይም የሀዲያኛን የመሰለ ቅርብ ቋንቋ ከሚያጠኑ ምሁራን ሊመጣ ይችላል። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ከዲላ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ አይሞላም። በዚህ መንገድ የሚመረቁት የመጀመሪያዎቹ መምህራን ለተከታዮቻቸው አማካሪ ይሆናሉ፤ የሴኔት ውሳኔና የሁለት ትምህርት ክፍሎች ስምምነት እንጂ አዲስ ሕንፃም ሆነ አዲስ በጀት አይጠይቅም።